የጋሽ ይመር ጥቁር ሳንቲሞች

ጋሽ ይመር ማረፉን የነገረችኝ እትዬ የሺ ናት። ጠዋት ኪዮስኬን እየከፈትኩ ስልኬ ጠራ፤ ስሟን ሳየው ልቤ ነገሩን አወቀው። ለቅሶ አልሰማሁም። «ሂሩት፣ ሰውየው ዐረፈ» አለችኝ። ከዚያ ለራሷ መጽናኛ ስትፈልግ መሰለኝ፣ «ምንም ባላደርግለት ሳንቲሞቹን አጽድቼለታለሁ፤ ሲያበሩ አይቷቸው ሄደ» አለችኝ።

እኔ ሆዴ ውስጥ ነገር የማያድርብኝ ሰው ነኝ። እዚህ ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል፤ ለሂሩት ከመንገር ለሬዲዮ መንገር ይሻላል እያሉ ያሙኛል፣ ሐሜቱም ሐሰት አይደለም። የዚያን ዕለት ግን «አዎ እትዬ፣ አይቷቸው ሄደ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና፣ በሩን በግማሽ እንደከፈትኩት ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ስለሞተ ብቻ አልነበረም። የቀረውን ለመናገር መጀመሪያ ሰውየውን ማስተዋወቅ አለብኝ።

ጋሽ ይመር የደሴ ልጅ ነው፣ ሙያው ልብስ ሰፊ። ኪሰንዪ በሚባለው የገበያ ሰፈር፣ ከታክሲው መናኸሪያ ወረድ ብሎ፣ አንድ የሱማሌ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አቁሞ ሱሪ ያሳጥራል፣ ዚፕ ይቀይራል፣ ባለቤቱ የወፈረበትን ኮት ያሰፋል። የሚኖረው ግን እኛ ጋ ካባላጋላ ነበር። እትዬ የሺ ከምግብ ቤቷ ጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍል አከራይታዋለች። የእኔ ኪዮስክ ከምግብ ቤቱ ፊት ለፊት ናት፤ ሞባይል መኒ እሠራባታለሁ፣ የስልክ ካርድ እሸጣለሁ፣ አላፊ አግዳሚውን እታዘባለሁ።

መጀመሪያ ያወቅሁት ባስቸገረኝ ጠዋት ነው። የአሥር ሺህ ሽልንግ ኖት ይዞ መጣና በሙሉ በሳንቲም ዘርዝሪልኝ አለኝ። ለነዳያን ሊያድል መስሎኝ «እግዜር ይስጥልን» ብዬ ዘረዘርኩለት። የትም አልሄደም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሳንቲሞቹን ባንኮኒዬ ላይ ደረደራቸው። ባለ ላሟን መቶ፣ ባለ ዓሣዋን ሁለት መቶ፣ ባለ ወፏን አምስት መቶ፣ ሁሉንም እየገለበጠ ዓመታቸውን አነበበ። አንዷን መረጠ፣ በምትኳ ከኪሱ ሌላ አስቀመጠ፣ ከዚያ የቀረውን ሰብስቦ «በይ አሁን ኖቴን መልሺልኝ» አለኝ። ከኋላው ደንበኛ ተሰልፎ ያጉረመርማል። እኔም እያጉረመረምኩ መለስኩለት። በማግስቱ ደግሞ መጣ። እብድ ነው ብዬ ደመደምኩ።

እብድም ቢሆን ጨዋ ነበርና ቀስ በቀስ ወደድኩት። አንድ ቀን አንዲት ገጠሬ አሮጊት ከሰጠችኝ ገንዘብ መሐል ጥቁር ሳንቲም አገኘሁ፤ መሐሏ ቀዳዳ ያላት፣ የእንግሊዝ ዘመን የምሥራቅ አፍሪካ ሳንቲም። ደስ እንዲለው ብዬ አስቀመጥኩለት። ሲመጣ ሳየው በቀሚሴ ጫፍ እያሸሁ «ጋሽ ይመር፣ እስቲ ይህችን ይዩልኝ» አልኩት። እጄን ቀጨም አደረገው። ሰው ደፍሮ ሲይዘኝ አልወድም፣ ልቆጣ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ግን ደንግጧል።

«ተይ ልጄ፣ አትሺያት» አለኝ። «ሰው ነው ፊቱን የሚታጠበው፤ ሳንቲም ፊቱን አይታጠብም።»

ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። አሮጌ ሳንቲም ላይ የሚታየው ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም፣ ዕድሜው ነው፤ ዓመት በዓመት ላይ እየተደራረበ የሠራው ቆዳው ነው። ያን ቆዳ የገፈፈ ሰው ዋጋውንም ገፈፈው። የሚያውቅ ገዢ የታሸ ሳንቲም አይፈልግም፣ አንዴ ከታሸ ደግሞ የሚመልሰው ጥበብ የለም። ቀሚሴ የነካትን ወደ ብርሃን አዙሮ አያትና እግዜር አትርፏታል አለ። የዚያኑ ቀን አንቱ አትበይኝ ብሎ ገሠጸኝ። አንቱ የተባለ ሰው ለልጅ ሻይ ሳይጋብዝ መሄድ ነውር ነው፣ «እኔ ደግሞ በጀት ላይ ነኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ አልኩት።

በጀቱ ሮሌክስ ነበር። ኪሰንዪ የሚውል ሠራተኛ ምሳው ያው ሮሌክስ ነው፤ ጨፓቲ ውስጥ የተጠቀለለ ዕንቁላል። ጋሽ ይመር ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። በጾም የተረፈች ገንዘብ የድኻ ናት ብሎ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይሰጣታል እንጂ ለራሱ አይነካትም። ስለዚህ ለሳንቲም የሚሆነውን ለማግኘት ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ ምሳውን ይተዋል። ዋጋ የሚነግረኝም በዚሁ ነው፤ ይህቺ የስድስት ሮሌክስ ናት፣ ያቺ ወር ሙሉ ሮሌክሴን በልታብኛለች ይላል። እንዲህ ተርቦ ሳንቲም መግዛት ምን ይሉታል ስለው፣ «ሀብታም ይገዛል፣ እኔ እጠብቃለሁ» ይለኝ ነበር። እውነትም አብዛኞቹን በመጠበቅ ነው ያገኛቸው። የታክሲ ረዳቶች ሁሉ ያውቁታል፤ ግር ያላቸውን ሳንቲም «ሙዜ፣ እንካ» እያሉ፣ ሽማግሌው ማለታቸው ነው፣ በመስኮት ያቀብሉታል፣ እሱም በሌላ ይለውጥላቸዋል።

ማስቀመጫውንም በገንዘብ አልገዛም። ላስቲክ ውስጥ ያልባቸዋል፣ አረንጓዴ ያወጡብኛል ብሎ ከሱሪ ገበር ቁራጭ ባለ ብዙ ኪስ ጥቅል ሰፋላቸው። የካምፓላ እርጥበት እንዳይነካቸው፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምትወጣዋን እርጥበት መምጠጫ ከረጢት ከጫማ ነጋዴዎች ይለምንና በጥቅሉ መሐል ይደብቃል። ከየዓመቱ አንድ አንድ ነው የሚይዘው። የተሻለች ካገኘ የድሮዋን ከኪሷ ያወጣና፣ «በይ ሂጂ፣ ዳቦ ግዢ» ብሎ ወደ ሌላው ሳንቲም ይቀላቅላታል። ይህን ሲል ድምፁ ዝቅ ይል ነበር፤ ያዝንላታል መሰለኝ።

በሥራውም ላይ ጠባዩ እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ ቀሚሴን ላስጠብብ ኪሰንዪ ሄጄ አጠገቡ ተቀምጫለሁ፣ አንዲት ሴት የልጇን የሠርግ ልብስ ይዛ እየጮኸች መጣች። አጥሯል። ልኩን በቃሏ የነገረችው ራሷ ናት፤ እኔም ልብሱን ያዘዘች ቀን ነበርኩና ሰምቻለሁ። ጋሽ ይመር ይቅርታ እናቴ፣ መቀሴ ተሳስቶ ነው ብሎ ተቀበላትና ከራሱ ጨርቅ ቀጥሎ ያለ ክፍያ ሰፋላት። ስትሄድ ተናደድኩበት፤ ለምን አትነግራትም፣ የራሷ ጥፋት እኮ ነው አልኩ። ሠርግ ላይ እናት እንዲህ ተሸማቅቃ አትቆምም፣ መቀሱ ይሸከመው አለኝ። ያን ጊዜ ሞኝነት ነበር የመሰለኝ።

የናካዋዋን ሴትዮ ነገር ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ናካዋ ገበያ አሮጌ ቁልፍና ዚፕ የምትሸጥ አንዲት ባልቴት ነበረች፤ የልብስ ቁልፍ የሚገዛው ከእሷ ነው። አንድ ቀን የቁልፍ ጣሳዋን ሲያገላብጥ ባለ ሰባት ማዕዘን አምስት ሽልንግ አገኘ። ድሮ ተሠርታ፣ ሕዝብ እጅ በወጉ ሳትገባ መልሰው ያቀለጧት፣ ጥቂት ብቻ ያመለጠች ሳንቲም ናት፤ ሲያልማት ኖሯል። ሴትየዋ በቁልፍ ዋጋ ውሰዳት አለችው። ሌላ ሰው ቢሆን አመስግኖ ይሮጥ ነበር፤ እኔ ብሆን እሮጥ ነበር፣ ምን ይደበቃል። እሱ ግን ይህቺ ሳንቲም ከዕቃሽ ሁሉ ከነጠረጴዛው ትበልጣለች፣ በዚህ ዋጋ እንዳትሰጪኝ አላት። ጎረቤቶቿን ጠርታ ሳቀችበት። ቢሆንም ለሌላ ሰው ሳትሸጥ አስቀመጠችለት፤ እሱም ከሮሌክሱ ያተረፈውን በየሳምንቱ እየወሰደላት፣ ሳንቲሟን እጁ ያስገባት ዝናቡ ሄዶ ዝናቡ ከተመለሰ በኋላ ነው። የያዛት ዕለት እኔ ጋ መጥቶ አሳየኝ፤ በጨርቅ እንደያዛት፣ በጣቱ እንኳ ሳይነካት።

ያን ሰሞን በጣም ከሳ። እትዬ የሺ «ሳንቲም ነው እንዴ የምትበላው?» እያለች ታሾፍበታለች፣ እኛም እንስቃለን። ሆዴን ይቆርጠኛል ሲል ረሃብ ነው፣ ብላ እንለዋለን። ሁላችንም ዓይናችን ሮሌክሱ ላይ ስለነበር በሽታውን ያየው የለም።

እትዬ የሺን ክፉ ሴት እንዳታደርጉብኝ። አፏ እንጂ ልቧ አይጨክንም። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ምግብ ቤቱን ብቻዋን ይዛ፣ ለጋሽ ይመር ማታ ማታ ከተረፈው ወጥ ሳትልክለት የተኛችበት ቀን የለም። ሳንቲሞቹን ብቻ አትወድም። ያለ ሚስት ያለ ልጅ ያስቀሩህ እነሱ ናቸው እያለች «ቆርቆሮ ለቃሚ» ብላ ስም አውጥታለታለች። እሱም ስለዚህ በፊቷ ስለ ሳንቲም ቃል አይተነፍስም። ለእኔ ያስተማረኝን ለእሷ ሳያስተምራት ቀረ።

ለምን እንደሚሰበስብ የነገረኝ ጦርነቱ ወሎ ከገባ በኋላ ነው። እታለም እያለ የሚጠራት ታላቅ እህት ነበረችው፤ እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። ቤቷ በጦርነቱ ተቃጥሎ ጣሪያው ወደቀ፣ እሷም ጎረቤት ማድ ቤት ተጠጋች። ስልክ የተከፈተ ዕለት ከኪዮስኬ ጎን ቆሞ አነጋገራት፤ «እታለም፣ ጣሪያሽን ይዤልሽ ነው የምመጣው» ሲላት ሰማሁት። ስልኩን ዘግቶ ኮቱን ገለጠና ገበሩ ውስጥ የሰፋትን አንዲት ትልቅ፣ የጠቆረች ጠገራ ብር አሳየኝ። ከአገር ሲወጣ እህቱ ከአንገቷ ክር ላይ ፈትታ፣ «ሲቸግርህ ሽጠህ ብላ» ብላ የሰጠችው ናት። ብዙ ጊዜ ቸግሮታል፤ አልሸጣትም። ሳንቲም መውደድ የጀመረውም እሷን ሲያገላብጥ ነው። ሌሎቹን ሸጦ ጣሪያውን ሊሠራ፣ ጠገራዋን ግን በእህቱ እጅ ላይ መልሶ «አልቸገረኝም ነበር» ሊላት ይፈልጋል። ሌላ ምኞት አልነበረውም።

ሐኪም ዘንድ የሄደው የስፌት መኪናውን መርገጥ ሲያቅተው ነው። ዘግይቷል አሉ። በሽታው ሆዱ ውስጥ ተንሰራፍቷል፣ አቅም ሳለው አገሩ ቢገባ ይሻለዋል አሉ። የእመቤታችን ማኅበርተኞች ተሰብስበን የአውሮፕላን ቲኬት ልናዋጣለት ተነሣን፤ አሻፈረኝ አለ። እኔ ባዶ እጄን ገብቼ፣ በሰው ማድ ቤት ውስጥ እታለም ልታስታምመኝ ነው ወይ አለን።

ስለዚህ የቀረው ሳንቲሞቹን መሸጥ ሆነ። በእኔ ስልክ ሁሉንም ፎቶ አነሣናቸውና ሰብሳቢዎች ወደሚገናኙበት ገጽ ላክን። ናይሮቢ ያለ አንድ የሳንቲም ነጋዴ ወዲያው መለሰልን። ባለ ሰባት ማዕዘኗንና ባለ ቀዳዳዎቹን አቅርበሽ አንሺልኝ አለኝ፣ አነሣሁለት። ከዚያ ዋጋ ጠራ። ጋሽ ይመር ዋጋውን ሳነብለት መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው። የእታለም ጣሪያም፣ የእሱ መንገድም ከዚያ ውስጥ ይወጣ ነበር። ነጋዴው ለሌላ ጉዳይ ካምፓላ ሲመጣ ሳንቲሞቹን በዓይኑ አይቶ ሊወስድ ተስማማን።

ሰውየው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጋሽ ይመር ብሶበት ሆስፒታል ገባ። እኔ አጠገቡ ሆንኩ፤ እትዬ የሺ ደግሞ ክፍሉን አሰናድታ እንግዳ ልትቀበል ቤት ቀረች። ሳንቲሞቹ ለምን እንደሚሸጡ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። «ቆርቆሮ ለቃሚ ስለው የእህቱን ቆርቆሮ ነው ለካ የሚለቅመው» ብላ አለቀሰች። ያን ሁሉ ዘመን ስታሾፍበት መኖሯ ከነከናት፤ ልትክሰው ፈለገች።

ከሆስፒታል ይዤው የተመለስኩ ዕለት በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ፊቷ ፈክቷል፤ ከማኅበሩ ሁለት ሴቶች አብረዋት አሉ። አልጋው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል፣ በጨርቁ ላይ ትልቅ ትሪ፣ በትሪው ላይ ሳንቲሞቹ በሙሉ ተደርድረዋል። ያበራሉ። ጥቁር የነበሩት ቀልተዋል፣ ግራጫ የነበሩት ነጥተዋል፤ በመስኮት የገባው ፀሐይ ወድቆባቸው ዓይን ይወጋሉ። የእኛ ሴቶች የቤተ ክርስቲያኑን የናስ ዕቃ፣ ጽናውንና ቃጭሉን፣ በበዓል ዋዜማ በሎሚና በአመድ ነው የሚያጸዱት። ገዢ የሚያየው ዕቃ ደግሞ አምሮ ይቅረብ ብለው፣ ሎሚ ጨምቀው፣ የከሰል አመድ ነፍተው፣ ያን ሁሉ ሳንቲም ሲያሹ ሰንብተዋል። የሱሪ ገበሩን ጥቅል እንኳ በሳሙና አጥበው ገመድ ላይ አስጥተውታል።

ጋሽ ይመር ትከሻዬን ይዞ ነበር የሚራመደው። እጁ ጠበቀብኝ፤ እኔ አፌን ልከፍት ስል ደግሞ ይበልጥ ጠበቀ። ትሪውን ቆሞ አየው። ባለ ሰባት ማዕዘኗን በዓይኑ ፈልጎ ሲያገኛት አይቻለሁ። ከዚያ ወደ እትዬ የሺ ዞረ።

«የሺ፣ እጅሽ ይባረክ» አላት።

ሴቶቹ እልል አሉ። ወይ ነዶ፣ እንዲያ ያለ እልልታ ሰምቼ አላውቅም።

ነጋዴው በማግስቱ መጣ፤ በዕድሜ የገፋ ህንድ ነው፣ ጨዋ ሰው። ማጉያውን አውጥቶ ባለ ሰባት ማዕዘኗን አነሣ፣ ስልኩ ላይ ፎቶዋን አየ፣ እንደገና ሳንቲሟን አየ። ሌላ አነሣ፣ ሌላም አነሣ፤ ሁሉንም በቀስታ ወደ ቦታቸው መለሳቸው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ በእንግሊዝኛ፣ እነዚህ ፎቶው ላይ ያየኋቸው አይደሉም፣ ምን ነካቸው አለ። ጋሽ ይመር የሚወዱኝ ሰዎች አጥበዋቸው ነው አለው። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ከሆኑ በኋላ የሚገዛኝ አላገኝም፣ አዝናለሁ አለ። ማዘኑም ከልቡ ነበር። በዚህ መሐል እትዬ የሺ የሻይ ትሪ ይዛ ገባች፤ የሰውየውን ፊት አየችና ተጠራጠረች።

«ምን አለ?» ብላ ጋሽ ይመርን ጠየቀችው።

«እንዲህ ያማሩ ሳንቲሞች አይቼ አላውቅም አለ» አላት። «ዋጋ ላይ ነው ያልተግባባነው። አሳነሰው፣ እምቢ አልኩት።»

ደግ አደረግህ፣ ሌላ ገዢ አይጠፋም አለችና ለነጋዴው ሻይ ቀዳችለት። ሰውየው ሻዩን ጠጥቶ፣ እጅ ነሥቶ ሄደ።

ሁለታችን ብቻ ስንቀር አልቻልኩም። ዛሬውኑ እነግራታለሁ አልኩት። ጣሪያውን እኮ አፈረሰችው፣ አንተን እኮ መንገድ ላይ አስቀረችህ፣ ደግሞ እጅሽ ይባረክ ትላታለህ አልኩት። ሌላም ብዙ አልኩ፤ ንዴት ነው፣ ግማሹን አላስታውሰውም። አልጋው ላይ ጋደም ብሎ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«እጇን አይተሽዋል?» አለኝ። «ሎሚውና አመዱ ጣቶቿን ልጦታል። ማንቆርቆሪያውን በጨርቅ ነው የያዘችው።»

አላየሁም ነበር።

«ብነግራት ሳንቲሙ ተመልሶ ይጠቁራል እንዴ ሂሩቴ? የሚጠቁረው የእሷ ፊት ነው። አደራ፣ ካንቺ አፍ እንዳይወጣ።»

ለእኔ፣ ለሬዲዮዋ፣ አደራ አለኝ! እሺ አልኩት።

ከዚያ በኋላ የቆየው ብዙ አይደለም። በጣም የሚያመኝ ያ ጊዜ ነው። እትዬ የሺ ጠዋት ጠዋት ልቡን ደስ ይበለው ብላ ትሪውን አልጋው ድረስ ታመጣለታለች። እሱም ከትራሱ ቀና ብሎ አንዷን ያነሣል፣ ወደ መስኮቱ ያዞራታል፣ እንዴት አድርገሽ ነው እንዲህ ያሳመርሻት ይላታል። እሷ ስትወጣ ዓይኑን ይጨፍናል። እህቱ ስትደውል ትንሽ ዘገየሁብሽ እታለም ይላታል፤ ድምፁን ለማጠንከር የሚያደርገውን ትግል አጠገቡ ቆሜ አይ ነበር። ማኅበርተኛው ስለ ቲኬቱ ደጋግሞ ለመነው፤ ሌላ ገዢ እየጠበቅኩ ነው እያለ አሳለፈን። በመጨረሻ አስከሬኔን እንዳትልኩ፣ ለዚያ የምታወጡትን ለእታለም ላኩላት ብሎ አስማለን። እንደ ቃሉ እዚሁ ካምፓላ፣ ቀይ አፈር ውስጥ ቀበርነው። ያዋጣነውን ላክንላት፤ የጣሪያዋን ግማሽ ይሸፍን ይሆናል።

በአርባው፣ ጸሎቱ አልቆ ሰው ከተበተነ በኋላ እትዬ የሺ ወደ ጓሮ ጠራችኝ። አንዲት ነጋዴ ወደ ደሴ ልትሄድ ነውና የጋሽ ይመርን ሳንቲሞች ለእህቱ ልንልክ ተስማምተናል። ጠገራዋ እኔ ጋ ናት፤ ከኮቱ ገበር ፈትቶ የሰጠኝ ራሱ ነው። ክፍሉ ውስጥ ትሪው ወለል ላይ ተቀምጧል። ሳንቲሞቹ ጠቁረዋል። የድሮው ጥቁረታቸው አይደለም፤ እዚህ ዝንጉርጉር፣ እዚያ አረንጓዴ፣ በሽተኛ ጥቁረት ነው። ከትሪው አጠገብ የተቆረጠ ሎሚና አመድ በሳሕን አለ። እትዬ የሺ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምነው ጠቆሩ ሂሩት?» አለችኝ። «በደንብ ሳላሻቸው ቀርቼ ይሆን? ሰውየው ዋጋ ያሳነሰው ለዚያ ይሆን እንዴ?»

አፌ ላይ መጥቶ ነበር። እውነቱ ሁሉ፣ ከናካዋዋ ሴትዮ እስከ ህንዱ ማጉያ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ተደርድሮ ነበር። ጣቶቿን አየሁ፤ በተላጠው ቦታ ያወጡት አዲስ ቆዳ ገና ስስ ነው፣ እሷ ግን ደግሞ ሎሚውን ይዛለች።

«የለም እትዬ» አልኳት፤ «የካምፓላ እርጥበት ነው።»

ተነፈሰች። እንግዲያው እርጂኝ፣ ለእህቱ እንዲህ ሆነው አይሄዱም አለችና ሌላ በርጩማ ሳበችልኝ። ጠገራዋንም አምጫት፣ እሷ ብቻ ምን በደለች አለችኝ። እህቱ የምታውቃት በጥቁረቷ ነው፣ እሷን እንዲሁ እንተዋት አልኳት፤ አልተከራከረችኝም።

ጠገራዋን ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከሱሪ ገበር በተቀደደ ጨርቅ እንደተጠቀለለች ተውኳትና ከእትዬ የሺ ጎን ተቀመጥኩ። መጀመሪያ እጄ የገባችው ባለ ሰባት ማዕዘኗ ናት። ሎሚውን አመዱ ላይ ነክሬ እስክታበራ ድረስ አሸኋት።